ምስሉ የቆመበት ዓርብ

ጅቡቲ፣ ጥቅምት 25 ቀን 2009 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ፣ ከእህትም በላይ ለሆንሽኝ ለእትዬ ጽጌሬዳ፤
ኮምቦልቻ።

ሰላምታዬ ከዚህ ከባሕሩ ዳር ተነሥቶ፣ የጋላፊን ሙቀት አልፎ፣ አንቺንና ልጃችንን ኤሌኒን በጤና ያግኛችሁ። እኔ ደህና ነኝ። የጎደለኝ እናንተን ማየት ብቻ ነው።

ደብዳቤ ከተጻጻፍን ብዙ ዘመን ሆነን። ወረቀት አጥቼ ከአሠሪዬ ከማዳም ልጆች ደብተር ቀድጄ ነው የምጽፍልሽ። ኤሌኒን አንቺ ጋ ትቼ የመጣሁ ሰሞን ወር ሳይሞላ አልነበር የምንጻጻፈው? ያኔ መልስሽን ፍለጋ የከባድ መኪናዎቹ ማቆሚያ ፒኬ 12 ድረስ እየሄድኩ፣ ከኮምቦልቻ የገባ መኪና እንዳለ ስጠይቅ ሾፌሮቹ "የደብዳቤዋ ልጅ መጣች" ይሉኝ ነበር። ኋላ ስልኩ መጣ፤ ቀጥሎ በስልክ የሚያስተያየው ምስሉ መጣ፤ እኛም እስክሪብቶውን ጣልነው። ይኸው ምስሉ ሲቋረጥ ተመልሼ እዚያው ፒኬ 12 ቆምኩ። ይህን የሚያመጣልሽ ሾፌሩ ከበበው ያኔም ደብዳቤዎቻችንን ሲያመላልስ የነበረው ነው። ፀጉሩ ሸበተ እንጂ ሳቁ ያው ነው።

ዓርብ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሥራዬን ጨርሼ ስልኩን ግድግዳ ላይ አስደግፌ እቀመጣለሁ። ይጠራል፣ ግን አይገናኝም። አገር ቤት ኢንተርኔቱ እንደተዘጋ እዚህ ያሉት ሁሉ ይናገራሉ። በተራው ስልክ ስደውል ደግሞ ካርዱ ሰላምታ ሳንጨርስ ያልቃል። ባለፈው "ኤሌኒን አቅርቢልኝ" ስልሽ አልነበር የተቋረጠው? ድምፅዋን ሳልሰማ ቀረሁ።

እስቲ ሁሉንም ጻፊልኝ። ቁመቷ አንቺ ጋ ደረሰ? ፀጉሯን ትሠራለሽ ወይስ ራሷ ናት? አሁንም ስትተኛ ብርድ ልብሱን ትገፋለች? ትንንሹን ነገር ጻፊልኝ፤ ትልቁን ከሰው እሰማለሁ።

በያላችሁበት እመቤታችን ትጠብቃችሁ።

እህትሽ እታለም


ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 20 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለእታለም፤ ጅቡቲ።

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽን እመኛለሁ፤ በሰው ቤት ያለ ሰው ከጤናው ሌላ ንብረት የለውምና። እኛ ተመስገን ነው። ብርዱ ገብቷል። ቦርከና ሞልቶ ከርሞ አሁን ጎድሏል።

ደብዳቤሽን ከበበው ራሱ በሩ ድረስ አመጣልኝ። የእጅ ጽሑፍሽን ሳይ እንዴት እንደሆንኩ አልነግርሽም። ያ "ለ" ን እንደ ሰው ወገብ የምታጣምሚው ነገር አልለቀቀሽም። መምህር ወልደየሱስ ለዚያ ስንቴ በማስመሪያ እጅሽን እንደመታሽ ታስታውሻለሽ? እኔ ከኋላሽ ተቀምጬ አለቅስልሽ ነበር፤ አንቺ ግን አታለቅሺም።

ባለፈው ዓርብ ድንገት ስደውልልሽ እንደደነገጥሽ አውቃለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ጎረቤታችን መምህር ሙሉሰው፣ ያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር የሚያስተምረው፣ ስልኬ ላይ ቪፒኤን የሚሉትን ነገር ጫነልኝ። የተዘጋውን በሌላ አገር በኩል አዙሮ ያስገባል ነው የሚለው። አንዷን ምልክት ስነካት ትሽከረከራለች፣ ትሽከረከራለች፣ ከዚያ "ተገናኝተሻል" ትላለች። ከተገናኘሁ በኋላ ግን ስልኩ የኔ አይመስለኝም። አንድ ነገር ነክቼ እስኪከፈት ወጥ አማስዬ እመለሳለሁ። እጄ ላይ እንደ ድንች ይግላል። ጠዋት የሞላሁት ባትሪ ምሳ ሳይደርስ ያልቃል። በመሀል ደግሞ የማላውቀው ማስታወቂያ እየዘለለ ይወጣል። ሙሉሰው "ነፃ ሲሆን እንዲህ ነው" አለኝ።

እንዳየሽው ድምፅሽ ዘግይቶ ይመጣል፤ ምስሉም ይቆማል። የኔ ስልክ አርጅቷል፤ የአምስት ዓመት ዕቃ ነው። ቢሆንልሽና የተሻለ ብታገኚልኝ ጥሩ ነበር። ካልሆነም ግድ የለም።

ኤሌኒ ደህና ናት። ቁመቷ አልፎኛል። ፀጉሯን ራሷ ናት የምትሠራው። ብርድ ልብሱን አሁንም ትገፋለች። ዘንድሮ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ስላለባት ጥናት በዝቶባታል፤ ሰላም ብላሻለች።

ደህና ሁኚልን፤ ያሰብሽው ይሙላልሽ።

ጽጌሬዳ


ጅቡቲ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለእትዬ ጽጌሬዳ።

የፈጠረሽ አምላክ እጅሽን አያሳምመው። ደብዳቤሽን አጣጥፌ ትራሴ ውስጥ ከትቼዋለሁ፤ ስለ ብርድ ልብሱ የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት።

ያን ዓርብ ምስሉ ሲቆም በኔ በኩል የቆመው ኤሌኒ ላይ ነበር። ዓይኗ ግማሽ ተከድኖ፣ አፏ ሊናገር ተከፍቶ፣ እንደዚያው ቀረች። እናንተ ሰምታችሁኝ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን ዝም ብዬ አየኋት። አገጯ የአባቷ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቁርጥ የሱ ሆኗል። ስትንቀሳቀስ እንዲህ አድርጌ አይቻት አላውቅም፤ ሁልጊዜ ወሬ ነው፣ ጥያቄ ነው፣ "ይሰማል? ይሰማል?" ነው። የቆመ ምስል ጥሩ ነገር አለው አልኩ በልቤ።

ከዚያ ወዲህ ግን የአንቺ ድምፅ ብቻ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ነገሩን ለማወቅ ተነሣሁ። የማዳም ባል ከውጭ ካለ መሥሪያ ቤቱ ጋር የሚገናኘው በዚሁ ቪፒኤን ነው። ልጆቹ "አባባ ሲሠራ ፊልሙ ይቆማል" እያሉ ሲያማርሩ እሰማ ነበር እንጂ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ጠየቅኩት። ኮምፒውተሩን ከፍቶ አሳየኝ፤ ሲያበራው ገጹ ይንቀራፈፋል፣ ሲያጠፋው ይፈጥናል። ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ በአንድ በር ሲገባ መጨናነቁ አይቀርም አለኝ።

በማግስቱ ሚኒባስ ይዤ ቡላኦስ ሠፈር ቦንቱ ጋ ሄድኩ። ቦንቱ የጅማ ልጅ ናት፤ ስልክና ካርድ ትሸጣለች። ኢትዮጵያዊ ሁሉ ስልኩ ሲታመም ወደሷ ነው የሚሄደው። እንዲህ ብላ አስረዳችኝ። "ከበበው ደብዳቤሽን በቀጥታ ኮምቦልቻ ያደርሰው የለ? ቪፒኤኑ ግን በፖስታ አሽጎ፣ ቆልፎ፣ መጀመሪያ ሆላንድ ይወስደዋል፤ ከዚያ ነው ወደ ኮምቦልቻ የሚልከው። መንገዱ ስለረዘመ ይዘገያል። መቆለፉና መክፈቱ ደግሞ የስልኩ ሥራ ነው፤ ስለዚህ ስልኩ ይደክማል፣ ይግላል፣ ባትሪውም ያልቃል። ጎበዝ ስልክ ብዙ አይሰማውም፤ ሽማግሌ ስልክ ግን ያለከልካል።"

ስለዚህ ከቦንቱ ጋር መርጬ ስልክ ልኬልሻለሁ። ከበበው አጠቃቀሙን ያሳይሻል። ቪፒኤኑን ስትከፍቺ ከሚዘረዝራቸው አገሮች ሩቁን አትምረጪ፤ ቀረብ ያለውን ምረጪ። ስንነጋገር ብቻ ክፈቺው፣ ስንጨርስ አጥፊው፤ ሳያውቁት ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ነው ባትሪውን የሚበላው። ሁለት ቪፒኤን አንድ ላይ አትጫኚ። ሌላ የተከፈተ ነገር ካለ ዝጊው። እንዲህ ካደረግሽ ዝግ ይላል እንጂ ምስሉ ጨርሶ አይጠፋም ብላኛለች።

እትዬ፣ ያንን ካሴት ታስታውሺዋለሽ? ኤሌኒ አራት ዓመት ሲሆናት ቀድተሽ የላክሽልኝን? ሀ ሁ ስትቆጥር ከኋላዋ የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ጡሩምባ ይጮሃል፤ እሷም ቆጠራዋን ትታ "ወጡ! ሠራተኞቹ ወጡ!" ትላለች። የማዳም መኪና ውስጥ ነበር የምሰማው፤ ቤት ውስጥ ማጫወቻ አልነበረኝም። መኪናውን ላጥብ ብዬ እገባና እሱን እከፍተዋለሁ። በጅቡቲ እንደዚያች መኪና የታጠበ መኪና አልነበረም። ካሴቱ ኋላ በሙቀቱ ተጣመመ።

ሌላ አንድ ነገር አለ፤ ማዳም የጠየቀችኝ። ገና እያሰብኩበት ስለሆነ በሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

ለገና በሰላም ያድርሳችሁ።

እታለም


ኮምቦልቻ፣ የካቲት 5 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእታለም።

እንደምን ከርመሻል። ሳልጽፍልሽ ገናውም ጥምቀቱም አለፈ፤ ይቅር በዪኝ። ስልኩ ደርሶኛል፤ በጣም ጥሩ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከበበውም አሳይቶኛል።

ምስሉ ግን ያው ነው። ቪፒኤኑ ያንቀራፍፈዋል። በየዓርቡ እየጠበቅሽ ባትቸገሪ ይሻላል። እኔ በድምፅ እየደወልኩ ሁሉንም እነግርሻለሁ። ኤሌኒ ፈተናዋ እስኪያልፍ ባትረበሽ ጥሩ ነው። የግማሽ ዓመቱን አንደኛ ወጥታለች።

ምንም ነገር አትላኪ። ልብስም አትላኪ፤ ያለፈው ዓመቱ ገና አላለቀም።

ማዳም ምንድን ነው የጠየቀችሽ?

ጽጌሬዳ


ጅቡቲ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለእትዬ ጽጌሬዳ።

ጾሙን የበረከት ያድርግልን። ይህን ደብዳቤ ጀምሬ ትቼው ነበር፤ ዛሬ ልጨርሰው።

አጭር ደብዳቤ ስትጽፊ አንቺን አይመስለኝም። አንቺ ስለ ጎረቤት ዶሮ እንኳን አንድ ገጽ የምትጽፊ ሰው ነበርሽ።

ያለፈው ዓርብ ስልኬ ጠራ፤ ከበበው ነው። ኮምቦልቻ ቤቱ ገብቶ፣ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ተቀምጦ፣ "እታለም፣ ቪፒኤኔን ላስመርቅ ብዬ ነው" አለኝ። የሱ ስልክ ከላክሁልሽ ያነሰ፣ መስታወቱም የተሰነጠቀ ነው። አንዳንዴ ምስሉ ይቆማል፣ መልሶ ይሄዳል፤ ግን አየሁት። ሚስቱን አየኋት። ከጀርባቸው ያለው ዶማ ሳይቀር ታየኝ። ያንቺ ቤት ከሱ ቤት ምን ያህል ይርቃል?

ታዲያ ስለ ስልክሽ ጠየቅኩት። "እኔ ራሴ አስተካክዬላት በደንብ ሠርቷል" አለ። "ለመሞከር ስንደውል እኮ ልጅቷ እዚያው ነበረች፤ ስልኩ ሲጠራ ተነሥታ ወደ ጓሮ ወጣች።" እሱ በክፋት አይደለም፤ ነገሬ ብሎም አልተናገረው። እኔ ግን ከዚያ በኋላ የተናገረውን አልሰማሁትም።

እትዬ፣ በቪፒኤኑ አታመካኚ። ቪፒኤን እንደሚያዘገይ አውቄያለሁ፤ ልጅን ተነሥታ እንድትወጣ ግን አያደርግም። አልቆጣሽም። ምን ሆና ነው? ታመመች? ሰው ነገር ነገራት? አንቺስ ምን ሆንሽ?

እኔም የደበቅሁሽን ልንገርሽ። የነማዳም የሥራ ጊዜ አልቆ በሐምሌ አገራቸው ይመለሳሉ። ከኛ ጋር ነይ ብላኛለች፤ ወረቀቱን እነሱ ይጨርሱልኛል። ኤሌኒን ደግሞ ኋላ እንድታስመጪ እንረዳሽ ይሆናል ብላለች። "ይሆናል" ነው ያለችው። እስከ ሚያዝያ መጨረሻ መልስ እንድሰጣት ትፈልጋለች። ለማንም አልነገርኩም፤ ሌላ ሰው ሳይሰማ አንቺ እንድትሰሚ ነው የምፈልገው።

እታለም


ኮምቦልቻ፣ መጋቢት 9 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለእህቴ።

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። ዛሬ ወደ ወደቡ የሚወርድ ሾፌር አግኝቼ እስኪነሣ ድረስ እጽፋለሁ፤ ስለዚህ ፊደሌ ቢበላሽ አትፍረጂብኝ።

ዋሽቼሻለሁ። ስልኩ በደንብ ይሠራል። ቪፒኤኑ መጀመሪያ እውነት ነበር፤ ኋላ ግን ሰበብ ሆነኝ።

ያን የኅዳር ዓርብ፣ ምስሉ የቆመ ዕለት፣ በአንቺ በኩል ኤሌኒ ላይ ቆመ ብለሻል። በኛ በኩል ምን ላይ እንደቆመ ግን አታውቂም። ትንሿ የማዳም ልጅ ከየት እንደመጣች አላውቅም፣ ጭንሽ ላይ ወጥታ አንገትሽን አቅፋ ነበር። አንቺ ደግሞ ጉንጭሽን ፀጉሯ ላይ አስጠግተሽ ትስቂያለሽ። ምስሉ እዚያ ላይ ቆመ። ድምፁ ብቻ ዘግይቶ መጣ፤ "ቆይ ልጄ፣ አንዴ ላናግር" ስትዪ ተሰማ።

ምስሉ አልንቀሳቀስ አለ። ቪፒኤኑን አጥፍቼ ላብራው ስል ኤሌኒ እጄን ያዘችኝ። ስልኩን ይዛ ያንን ምስል ብዙ አየችው። ከዚያ "'ልጄ' ያለችው ማንን ነው?" አለችኝ። ስልኩን አስቀምጣ ልብሷን ልታጥብ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ስልኩ ሲጠራ ትነሣለች። አትቆጣም፣ አታለቅስም፤ ትነሣለች ብቻ። አንድ ቀን ይዤ ስለምናት "ምን ልበላት? ሁልጊዜ በላሽ ወይ፣ ስንተኛ ወጣሽ ነው የምትለኝ። አንደኛ ወጣሁ አልኳት፤ ከዚያስ?" አለችኝ። እኔም ለአንቺ ይህንን በስልክ መንገር አቃተኝ፤ መጻፉም አስፈራኝ። በሰው አገር ብቻሽን ሆነሽ እንዴት አድርገሽ ትችዪዋለሽ አልኩ። ይህ እውነት ነው።

ሌላም እውነት አለ። ስልኩ ሲጠራ እሷ ስትነሣ፣ ደስ የሚለው አንድ ጎን ነበረኝ። እኔ አልወለድኩም እታለም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስትተኛ ብርድ ልብሱን የመለስኩት እኔ ነኝ። አንድ ቀን መጥተሽ እንደምትወስጂያት አውቃለሁ፤ መብትሽም ነው። የማዳምን ነገር ስትጽፊልኝ ቀኑ ደረሰ አልኩ።

ኤሌኒ ደብዳቤሽን ሳነብ አይታኝ "ምን አለች?" አለችኝ። አልደበቅኋትም፤ ሰጠኋት። ሁሉንም አነበበችው፤ ስለ ካሴቱ የጻፍሽውንም ከትራሴ ስር አውጥታ አነበበች። ከዚያ ይህን ጻፈች። እኔ አላነበብኩትም።

ጽጌሬዳ


ሰላም እታለም።

ምን ብዬ እንደምጠራሽ ስላላወቅሁ በስምሽ ጀመርኩ። እማዬ የምለው እማ ጽጌን ነው።

ቪፒኤኑ ሳይመጣ በፊትም መስመር ደክሞ ምስሉ ሲቆም ደስ ይለኝ ነበር። ስትንቀሳቀሺ አፍራለሁ፤ ሲቆም ግን አይሻለሁ። ጆሮሽ የኔን ይመስላል። አንቺም እንደዚያ እንደምታደርጊ በደብዳቤሽ አነበብኩ፤ ሳቅሁ።

ያን ዕለት ግን የቆመው ጥሩ አልነበረም። ያቺ ልጅ እንዴት አድርጋ እንዳቀፈችሽ አይቻለሁ። አዲስ አይደለችም፤ ለምዳሻለች። እኔ አቅፌሽ አውቃለሁ? እማ ጽጌ አዎ ትላለች፤ እኔ አላስታውስም።

ካሴቱ በመበላሸቱ አዝኛለሁ። ድምፄ ምን ይመስል ነበር?

ኤሌኒ


ጅቡቲ፣ መጋቢት 20 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለኤሌኒ።

በስሜ መጀመርሽ ደስ ብሎኛል። እኔም በስምሽ ጀመርኩ፤ ስምሽን ያወጣሁት እኔ ነኝና እሱን ማንም አይነጥቀኝም።

"ልጄ" ያልኩት እሷን ነው። ሊያ ትባላለች፤ አራት ዓመቷ ነው። አልዋሽሽም። ከተወለደች ጀምሮ እኔ ነኝ ያሳደግኋት። እናቷ ፈረንሳይኛ ታወራታለች፣ ሠፈሩ ሶማሊኛ ያወራል፣ እኔ ግን ብቻችንን ስንሆን በአማርኛ ነው የማወራት። ይህን ያደረግሁት ለሷ ብዬ አይደለም። በዚህ ቤት ውስጥ "ልጄ" የምለው ሰው ስላልነበረኝ ነው። ቃሉ አፌ ውስጥ እንዳይሞት ነው። አንቺ አራት ዓመት ሲሆንሽ ድምፅሽን ሰማሁ እንጂ አላየሁሽም። እሷን ሳቅፍ አንቺን ማሰቤን ብነግርሽ፣ ለሷም ለአንቺም ውሸት ይሆናል። አንዳንዴ አስብሻለሁ። አንዳንዴ እሷን ብቻ ነው የማቅፈው። ልጅ ናት፤ ትወደኛለች።

አንቺ አቅፈሽኛል። የሄድኩ ቀን ተኝተሽ ነበር። እንዳትነቂ ብዬ ጣቶችሽን አንድ በአንድ ከቀሚሴ ላይ አላቀቅኋቸው። ያንን ማንም አያውቅም፤ እማ ጽጌም አታውቅም።

ድምፅሽ ምን ይመስል እንደነበር ወረቀት ላይ መጻፍ አልችልም። ሞክሬ አቃተኝ። ስለዚህ ማዳምን ፈቃድ ጠይቄ ለፋሲካ እመጣለሁ። እስከዚያ አልደውልም። ምስሉ ይቁምም ይሂድም፣ በስልክ ሳይሆን ፊት ለፊት እንድታዪኝ ነው የምፈልገው። ማናገር ካልፈለግሽ አታናግሪኝ፤ ዝም ብለሽ ብታዪኝ ይበቃኛል።

ለእማ ጽጌ እንዲህ በያት፦ ኤሌኒን ልወስድ አይደለም የምመጣው።

እታለም


ጅቡቲ፣ ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለእትዬ ጽጌሬዳ።

በሰላም ገብቻለሁ። ከተማው ከወዲሁ ግሏል፤ ነፋሱ ከምድጃ እንደሚወጣ ነው። ማዕከላዊ ገበያ ደርሼ ስመለስ ልብሴ ሰውነቴ ላይ ተጣበቀ። እናንተ ጋ ግን የበልጉ ዝናብ ጭቃ ገና ከጫማዬ አልለቀቀም፤ አላጠብኩትም።

አንቺ ያላየሽውን ልንገርሽ። የፋሲካ ማግስት ኤሌኒ "ቦርከናን ላሳይሽ" ያለችኝ ጊዜ፣ ወንዙን ከሷ በፊት የማውቀው መሆኔን ልነግራት ብዬ ተውኩት። እሷ እንድታሳየኝ ፈለግሁ። እኔና አንቺ ልብሳችንን ደብቀን የምንዋኝበት ቦታ ላይ ስንደርስ "እዚህ ጋ ጥልቅ ነው፣ ተጠንቀቂ" አለችኝ። ተጠነቀቅሁ። ብዙ አላወራንም። ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ፋብሪካው ሲጮህ ሠራተኞቹ ሲወጡ አየን። ስንመለስ እጇን ያዝኩ፤ አላስለቀቀችኝም፣ ግን እሷም አልያዘችኝም። ዝም ብላ ተወችልኝ። እኔ ከዚህ በላይ አልጠበቅሁም።

ቤት ልንደርስ ስንል "ጠቅልለሽ ብትመጪ የት ትተኛለሽ?" ብላ ጠየቀችኝ። ቤቱን በሐሳቤ ዞርኩት። ያንቺና የሷ አልጋ አንዱን ክፍል ሞልቶታል፤ ሌላው ክፍል እህልና ዕቃ ነው። እንግዳ ሆኜ መሬት ላይ ስተኛ ሳምንቱ አለፈ።

ማዳምን አልሄድም አልኳት። ምክንያቱን ጠየቀችኝ፤ ልጄ ስምንተኛ ክፍል ደረሰች አልኳት። እንደገባት አላውቅም፤ ግን አቀፈችኝ። ለሊያም ነግሬያታለሁ። ሁለት ቀን ኮረፈችኝ፤ ከዚያ "ማን ነው አማርኛ የሚያወራኝ?" አለችኝ፤ በአማርኛ። ወጥቼ አለቀስኩ። ይህንን ለኤሌኒ ንገሪያት፤ ከሷ የምደብቀው ነገር እንዲኖር አልፈልግም።

በሐምሌ እነሱ በአውሮፕላን፣ እኔ በከበበው መኪና እንሄዳለን። እዚህ ዳቦና ኬክ መጋገር ተምሬያለሁ፤ መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ቤት ብናገኝ እንሠራለን። አንቺ እናቷ ነሽ እትዬ። እኔ እመጣለሁ እንጂ አንቺ ከቦታሽ አትነሺም። እኔ ለሷ መሆን የምችለውን ቀስ ብዬ እዚያው ሆኜ አያለሁ።

ፈተናው ይቅናት።

እታለም


ኮምቦልቻ፣ ግንቦት 28 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእታለም፤

እንኳን ልብሽን አሳረፈልሽ፤ የኔንም አሳርፈሽልኛል። ሰሞኑን በስልክ የጠፋነው ለአገር አቀፉ ፈተና ተብሎ ኢንተርኔቱ ከነአካቴው ስለተዘጋ ነው። ሙሉሰው ቪፒኤኑን ሞክሮልኝ ነበር፤ መስመሩ ራሱ ሲጠፋ እሱም የሚዞርበት መንገድ የለውም አለኝ። ስለዚህ ከበበውን ጠበቅሁ።

የሊያን ነገር ለኤሌኒ ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ "ለሷ በአማርኛ ደብዳቤ ብጽፍላት ታነባለች?" ብላ ጠየቀችኝ። ፊደል አታውቅም ስላት አዘነች።

የራሷ ፈተና ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ ታጠናለች። ትናንት ከሥራ ስገባ ግን መጽሐፉ ተዘግቶ፣ ትንሹ ክፍል ውስጥ ያለው እህል ሁሉ ወደ ደጅ ወጥቶ፣ እሷ ወለሉን እየጠረገች ነበር። "ምን ሆነሽ ነው?" አልኳት። "ጤፉ በረንዳ ላይም ይቀመጣል" አለች። ማታ ደግሞ ከጎረቤት ሁለት ሰው ጠርታ የራሷን አልጋ ወደዚያ ክፍል አስገባች፤ ወደ ግድግዳው ገፍታ ከጎኑ ለአንድ አልጋ የሚሆን ቦታ ተወች። አላዘዝኳትም፤ አንቺም አላዘዝሻትም።

"ለማን ነው?" አልኳት፤ ከአፏ ልስማው ብዬ።

"ለእናቴ" አለችኝ። ከዚያ እኔን አይታ ፈራች መሰለኝ፣ መጥታ ራሷን ትከሻዬ ላይ አደረገች። አልከፋኝም እታለም። እመኚኝ፣ አልከፋኝም። አልጋውን አናጺው ጋ አዝዣለሁ።

ነይ።

ጽጌሬዳ